የሜዳ እሳትና የቤት ምድጃ፦ የፈንዲሻ ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ ምድር

ከኮምቦልቻ በታች፣ ቦርከና ወንዝ እየተጥመለመለ በሚያልፍበት በቃሉና በጨፋ ሜዳ፣ የማሽላው ዛላ ፍሬውን ቋጥሮ አንገቱን በሚደፋበት በጥቅምትና በኅዳር ወር፣ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው በየእርሻው መካከል በቋሚ እንጨት ላይ የተሠራውን ማማ፣ ከማማውም ሥር በሦስት ድንጋይ መካከል የምትነደውን ትንሽ እሳት ሳያይ አያልፍም። ቀን ግሪሳውንና ዝንጀሮውን በወንጭፍ ሲያባርር የዋለው የእርሻ ጠባቂ፣ ሌሊት ደግሞ አሳማና ጃርት እህሉን እንዳያጠፉበት እየጮኸና እሳቱን እየቆሰቆሰ ያነጋል። እንቅልፍ ሲመጣበትም ከኩታው ጫፍ የቋጠረውን ያምና ማሽላ ይፈታና አንድ እፍኝ ያህል ከፍሙ ዳር፣ ከጋለው ረመጥ ላይ ይበትነዋል። ፍሬው ጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ መልኩ ይጠይማል፤ ከዚያም አንዱ ጧ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ከዐመዱ ይዘላል፤ ሁለተኛውም ይከተለዋል። ጠባቂውም በቀጭን እንጨት ወደ ራሱ እየሳበ፣ ዐመዱን በትንፋሹ እፍ እያለ፣ ትኩስ ትኩሱን ይቅመዋል። ድስት የለ፣ ዘይት የለ፣ ጨው የለ፤ ያለው እሳትና እህል ነው።

የፈንዲሻ ታሪክ በአገራችን የሚጀምረው ከዚህ ዐይነቱ እሳት ዳር ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የዚያው ጠባቂ እናት በቤቷ የምታነደው እሳት ከሜዳው እሳት በአንድ ታላቅ ነገር ይለያል። ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ ሄዶ በሚያርፍበት ከጣራው ማገር ላይ፣ ለከርሞ ዘር የተመረጠው የማሽላ ዛላና የበቆሎ ራስ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ጢሱ ነቀዝን ይከለክልለታል፣ ሙቀቱም እርጥበትን ያርቅለታል። ስለዚህ የቤቱ እሳት ከበላዩ የከርሞውን ዘር እየጠበቀ የዛሬውን ምግብ ያበስላል፤ የሜዳው እሳት ግን ጣራ የለውምና ለነገ የሚያኖረው ነገር የለውም። የወሎን ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል የመረመረ ሰው፣ ይህ ሕዝብ ከሜዳ እሳት ወደ ቤት ምድጃ፣ ከቤት ምድጃም ወደ ሜዳ እሳት ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ ያስተውላል፤ እኔም ይህን ምልልስ የአንዲት እፍኝ ፈንዲሻን ፈለግ ተከትዬ ለመተረክ ተነሥቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የነበረው ማሽላ ነው። የጥንት ቅርስ የሚመረምሩ ሊቃውንት በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ አካባቢ፣ በሸክላ ስባሪ ላይ ታትሞ የቀረ የማሽላ ገለባ አግኝተው፣ ይህ እህል ከዛሬ 5,000 ዓመት በፊት በሰው እጅ መዘራት ጀምሮ እንደ ነበር አረጋግጠዋል፤ አገራችንም ለዚያ ምድር ጎረቤት እንደ መሆኗ ማሽላን የምታውቀው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተ ሰብ ነው። የወሎ ገበሬ ለማሽላው ያወጣለት የስም ብዛት ለዚህ ምስክር ይሆናል፤ አንዱን ዘንጋዳ አለው፣ ጣፋጩን ማር ጩቄ አለው፣ በእሸትነቱ ተጠብሶ ሲበላ አፍን በልስላሴ የሚሞላውን ደግሞ ወተት በጉንጬ ብሎ ሰየመው። እነዚህ ስሞች በእሳት ዳር የተቀመጠ ሰው እየቀመሰ ያወጣቸው ናቸው፤ ወተት በጉንጬ የሚለውንም ስም አንባቢው በልቡናው ይያዝልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለንና።

በቆሎ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። መገኛው ሜክሲኮ ሲሆን የዚያ አገር ሰዎች ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዱር ሣር ለይተው አለመዱት፤ በፔሩ ጠረፍ የተገኘውም ቅሪት፣ ሸክላ ድስት በዚያ ምድር ገና ሳይታወቅ፣ ከ6,000 ዓመት በፊት ሰዎች በቆሎን በእሳት እያፈነዱ ይበሉት እንደ ነበር ያሳያል። ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ፖርቱጋሎች በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር በሚመላለሱበት ዘመን እንደ ሆነ ይታመናል፤ ሕዝባችን ‹‹የባሕር ማሽላ›› ብሎ መጥራቱም የመጣበትን መንገድ በስሙ ውስጥ ጽፎ እንዳስቀመጠው ይቈጠራል። ከበቆሎም ወገን ፍሬው ትንሽ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነው ‹‹ፈነዳ›› ከሚለው ግስ ስሙን ነሥቶ ፈንዲሻ ተባለ፤ በረመጥ ዳር ከማሽላው ጎን ተቀመጠ፤ ፍካቱም ከማሽላው ፍካት እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ እንግዳው ቀስ በቀስ የባለቤቱን ወንበር ወረሰ።

ፈንዲሻ ለብቻው ሳይቀር የቡና ጓደኛ የሆነበት ዘመን ደግሞ በወሎ ልዩ ታሪክ አለው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ፣ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ ከኮምቦልቻም ብዙ እንደማይርቀው እንደ ገታ ያሉ የእስልምና የትምህርትና የጸሎት ማዕከላት በወሎ ሲስፋፉ፣ ሌሊቱን በዱዓና በመንዙማ ለሚያነጉት ሰዎች ቡና የንቃት መጠጥ ሆነ። አወል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንጠራቸው ሦስቱ የቡና ዙሮች ከዐረብኛ የመጡ መሆናቸው የዚያን ዘመን አሻራ እስከ ዛሬ ያሳያል። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቡና አንጀት ያሳርራልና አብሮት የሚቀርብ ነገር አስፈለገ፤ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ፈንዲሻም የቡና ቁርስ ተባሉ። በዚያው ዘመን ግን የቤተ ክርስቲያን ካህናት ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው አውግዘው ስለ ነበረ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት የቡናው ሽታ ቢያውደውም ከረከቦቱ ዳር መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከዛሬዋ ደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ አቆሙ። በዚያ ጉባኤ የካህናቱ ክርክር ከተፈጸመ በኋላ የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡም ብዙው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደ ጊዜ፣ እሺ ብሎ የቀረ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ቤቱንና እርሻውን ጥሎ የተሰደደም፣ በጫካ ያደረም ብዙ ነበር። ታሪክን ያለ አድልዎ መጻፍ ግዴታ ነውና፣ ከሞቀ ምድጃ ተነሥቶ ወደ ሜዳ እሳት መውጣት ለወሎ ሰው በዚያም ዘመን እንደ ደረሰበት መመስከር ይገባል። ደግነቱ የሰው ልብ ከዐዋጅ ይልቅ በጉርብትና ይለሰልሳል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና በመጠጣታቸው፣ አቡነ ማቴዎስም ስለ ቡና የነበረውን ጥርጣሬ ለማስወገድ በመድከማቸው፣ ውግዘቱ እየላላ ሄደ፤ ያን ጊዜም በወሎ መንደር የሙስሊሙ ረከቦትና የክርስቲያኑ ረከቦት አንድ ዐይነት ፈንዲሻ በሰፌድ ይዘው ተገናኙ።

ደሴ ራሷ የተወለደችው ከሜዳ እሳት ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ከጦሳ ተራራ ሥር ሠራዊታቸውን አስፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ የታየው ጅራታም ኮከብ እንዳስደነቃቸው፣ ስፍራውንም ‹‹ደስታዬ›› ሲሉ ደሴ ብለው እንደ ሰየሙት ይተረካል። በድንኳን መካከል የሚነደው የወታደር እሳት ነገ ተነሥቶ የሚሄድ ነው፤ ራስ ሚካኤል ግን መናገሻቸውን በዚያ ስላደረጉ ድንኳኑ ወደ ቤት፣ ጉልቻውም ወደ ምድጃ ተለወጠ። በሰፈር ቦታ ላይ ከተማ መቆርቆር ለኢትዮጵያ ነገሥታት የተለመደ ነው፤ ሰፈሩ ከተማ የሚሆነው ግን ነጋሪት በመጎሰሙ ሳይሆን፣ አንዲት ሴት ከእሳቱ በላይ ዘር የሰቀለች ቀን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ዐፄ ምኒልክ ከደሴ በስተ ሰሜን በአምባሰል ምድር በውጫሌ ሰፍረው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል በተዋዋሉበት ወራት፣ የከብት ዕልቂት በአገሩ ላይ ገብቶ ነበር፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ጎታ ባዶ ሆነ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየውም ረኀብ ቍጥሩ የማይታወቅ ሕዝብ አለቀ። በእነዚህ ዓመታት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1893፣ ቻርልስ ክሬተርስ የተባለ ሰው በአሜሪካ በቺካጎ ዐውደ ርእይ ላይ በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ የፈንዲሻ ማፈንጃ መኪና ለሕዝብ አሳየ፤ በዚያ አገር ፈንዲሻ የትርኢት ቀን መዝናኛ ሲሆን፣ በእኛ አገር ከረኀቡ የተረፈው ገበሬ የቀረችውን እፍኝ ይብላት ወይስ ይዝራት እያለ ይጨነቅ ነበር። ይህ ጭንቀት ወደ ኋላም ተመልሶ እንደሚመጣ እናያለን።

በ1888 ዓ.ም. መስከረም ዐፄ ምኒልክ ክተት ሲያውጁ ለሠራዊቱ ከመገናኛ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ የተመረጠው በዛሬው ደቡብ ወሎ የሚገኘው ወረኢሉ ነበር። ከየአውራጃው የመጣው ዘማች ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ በዚያ ተሰበሰበ። የዘማች ስንቅ መመዘኛው ሸክሙ ነው፤ የፈነዳ ፈንዲሻ እስከ 40 እጥፍ የሚያብጥ ስለ ሆነ በስልቻ ሊሸከሙት የማይቻል ሲሆን፣ ጥሬው ግን በእፍኝ የሚያዝ ነው፤ ስለዚህም በሜዳ የሚያድር ሰው ጥሬውን ይዞ፣ ከፍሙ ዳር ደርሶ፣ በዚያች ሰዓት የሚበቃውን ብቻ ወደ እሳት ይሰጣል። ያ ሠራዊት ወደ ዐድዋ ሄዶ በየካቲት 23 ቀን ድል አድርጎ ሲመለስ፣ በየሰፈረበት የቀረው ምልክት ጥቁር የጉልቻ ድንጋይ ነበር።

ራስ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ተባለ፤ ድኻ ሀብታም፣ ነጭ ለባሽ አዳፋ ለባሽ ሳይል ሁሉን ያስገባል ማለት ነው። በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው ነገሡ፤ በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። የንጉሡ ዘመን አጭር ሆነ፤ አይጠየፍ የሚለው ስም ግን በወሎ የእንግዳ አቀባበል ውስጥ ቀረ። በደሴ የቡና ሰዓት ላይ የደረሰ መንገደኛ ‹‹ማን ነህ?›› ሳይባል ‹‹ና ግባ፣ ቡና ጠጣ›› ይባላል፤ ከሰፌዱ ፈንዲሻ ለመዝገንም ስሙን መናገር አያስፈልገውም።

በ1919 ዓ.ም. የሩስያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ዞሮ ያየው እህል ብዛቱና ልዩ ልዩነቱ ስላስደነቀው፣ አገራችንን በዓለም ላይ ሰብል ከተገኘባቸው ጥቂት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ገበሬው በጢስ ውስጥ ሰቅሎ ለልጁ ያወረሰው ዘር የዓለም ሀብት መሆኑ በሳይንስ ልሳን ሲነገር ያን ጊዜ መጀመሪያው ነበር። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ ማሽላው በሚታጨድበት በኅዳር ወር፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ አድርገው ነበር፤ ቦምቡ ግን በሕዝቡ ቤትና የቀይ መስቀል ምልክት ባለበት በአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ላይ ጭምር ወደቀ፤ ብዙ ቤትም ተቃጠለ። የሣር ክዳን ቤት ሲቃጠል የሚጠፋው የዛሬ መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ በማገሩ ላይ የተሰቀለው የከርሞ ዘርም አብሮ ይነዳል። በሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴን ያዘ፤ አምስት ዓመትም ገዛ።

የኢጣልያ ዘመን በደሴና በኮምቦልቻ ሰዎች ላይ ካደረሰው መከራ ጋር፣ አሥመራን ከአዲስ አበባ፣ ኮምቦልቻንም ከአሰብ ወደብ የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ፈርኔሎ የሚለውን የከሰል ምድጃ ስም ትቶ ሄደ። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮችና የኢትዮጵያ አርበኞች በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ገደላም መተላለፊያ ላይ ተዋግተው፣ በሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ነጻ አወጡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል የቤቱ ምድጃ በሰላም ነደደ።

እኔም ፈንዲሻን ያወቅሁት በዚያ የሰላም ዘመን ማብቂያ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር በነበረው በአያቴ ማድ ቤት ነው። አያቴ በሦስቱ ጉልቻ መካከል ነበልባሉ እስኪወርድና እንጨቱ ፍም እስኪሆን ድረስ ትታገሣለች፤ ነበልባል የድስቱን ቂጥ ያሳርራል እንጂ ፍሬውን አያበስለውምና። ከዚያ በብረት ድስቷ ጥቂት ዘይት ታፈስና ሦስት ፍሬ ብቻ ትጥላለች፤ ሦስቱ ከፈነዱ በኋላ የቀረውን፣ የድስቱን ወለል አንድ ረድፍ ብቻ እስኪሸፍን ድረስ፣ ጨምራ ክዳኑን በትንሹ ገርበብ ታደርገዋለች፣ እንፋሎቱ መውጫ ካላገኘ ፈንዲሻው ይለሰልሳልና። ድስቱን በጨርቅ ይዛ ስትነቀንቀው፣ ድምፁ መጀመሪያ እንደ ዝናብ ጠብታ፣ ቀጥሎ እንደ በረዶ ሲሆን፣ እኔ ክዳኑን ለመክፈት እዘላለሁ፤ እርሷም በወሎ አነጋገር ‹‹አብሽር፣ ልጄ፤ እርሱ ሲበቃው ዝም ይላል›› ትለኛለች። በእውነትም በፍንዳታና በፍንዳታ መካከል ያለው ዝምታ ሲረዝም ከእሳቱ ታወርደዋለች።

ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው። በፍሬው ውስጥ ከመቶው 13 ወይም 14 እጅ ያህል ውሃ አለ፤ ፍሬው ሲግል ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጠራል፣ ጠንካራው ቅርፊት ግን አላወጣም ይለዋል፤ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ዘጠኝ ጊዜ ያህል በልጦ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፣ የለሰለሰውም ስታርች አረፋ ሆኖ ወጥቶ በቅጽበት ይደርቃል። ቅርፊቱ አስቀድሞ የተሰነጠቀ ወይም ከመጠን በላይ የደረቀ ፍሬ ግን አይፈነዳም፣ ከድስቱ ሥር ይቀራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ፣ በደሴ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላና ሽንብራም ከኮምቦልቻው ይልቅ ዘግይተው ይበስላሉ። ፈንዲሻ ግን በሁለቱም ከተማ እኩል ይፈነዳል፤ ድስቱን በራሱ ቅርፊት ይዞ የሚዞር ፍጥረት ነውና።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን አያቴ ወደ ድስቱ ከመጨመሯ በፊት የምታደርገው ነገር ነው። ጥሬውን በሰፌድ ላይ ዘርግታ፣ ሙሉና ጤናማ የሆኑትን ፍሬዎች በአውራ ጣቷ እየለየች ወደ አንድ ጥግ ትገፋቸዋለች፤ አንድ እፍኝ ሲሞሉ በጨርቅ ቋጥራ ጢስ ወዳጠቆረው ማገር ታነሣቸዋለች። ‹‹እማማ፣ እሷንም ጨምሪያት›› ስላት ‹‹ይቺ ለግንቦት ናት›› ትለኝ ነበር። ከዚያ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ትጠራለች፤ ሁለቱም በየሃይማኖታቸው መርቀው ሰፌዱን በመካከላቸው ያኖሩታል።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ቀረ። ገበሬው መጀመሪያ ጎታውን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ ከማገሩ ያለውን ዘር ጨረሰ፤ ዘሩን የበላ ሰው ከቤቱ የሚያቆየው ነገር ስለማይኖረው፣ ሕዝቡ ከነልጆቹ ወደ ደሴ አውራ ጎዳና ወረደ፤ በመንገዱ ዳር በየጉልቻው የነደደው እሳት የሚፈነዳም የሚቀቀልም አልነበረውም። በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ነፍስ ጠፋ። ኋላ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን ዘመን መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፣ ከወሎ ወደ ውጭ የወጣም እህል እንደ ነበረ ጠቅሶ፣ የረኀቡ ምሥጢር የእህል መታጣት ብቻ ሳይሆን የድኻው መግዣ መታጣት እንደ ሆነ አስረዳ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ከተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ዐይነቶች መካከል ለሰውነት እጅግ አስፈላጊ በሆነው ላይሲን በተባለ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሁለት ብቻ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ሲሆኑ፣ የተገኙት ከወሎ ነበር። ገበሬው ወተት በጉንጬና ማር ጩቄ ብሎ ከሚጠራቸው ወገን ናቸው። ዓለም በሙሉ ያጣውን ዘር በጢሱ ውስጥ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ፣ በዚያው ዓመት በመንገድ ዳር በረኀብ አለቀ፤ ከዚህ የከበደ ነገር በፈንዲሻ ታሪክ ውስጥ አልተጻፈም።

በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ጸንቶ ተመለሰ፤ በኮረምና በባቲ የተሰበሰበው ሕዝብ በብርድ ሌሊት በሜዳ ላይ አደረ፤ የርዳታ እህል የጫኑ መኪኖችም ከአሰብ ወደ ኮምቦልቻ ዳገቱን ወጡ። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ዘር የሚጨነቁ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የእህል ዘር ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ከማስቀመጥ ጋር ገበሬው ራሱ በእርሻው እንዲጠብቀው በሰሜን ሸዋና በወሎ ሥራ ጀመረ፤ ዶክተር መላኩም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የእርሳቸው ሐሳብ በመሠረቱ አያቴ የምታውቀው ነበር፤ ዘር የሚጠበቀው የሚዘራው ሰው ከሚበላበት ምድጃ ሳይርቅ ነው።

ኮምቦልቻ ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ላይ ፋብሪካ ጨመረች፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ፤ ከገጠር የመጡ ወጣቶች በአንዲት ክፍል በኤሌክትሪክ ምድጃ ፈንዲሻ ማፈንዳት ጀመሩ። ጣራው ቆርቆሮ፣ ምድጃው ጢስ አልባ ሆነ፤ ለሳንባና ለዐይን ትልቅ ዕረፍት ነው፣ ነገር ግን ከምድጃው በላይ የሚሰቀል ዘር የለም። ከዚያም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደረሰ። ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ አስቀድሞ በደሴ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ በድንጋይ ጉልቻ ላይ ያበስል ነበር፤ ውጊያው ሲቀርብ ግን የደሴም ሰው ወደ ደቡብ በእግሩ ወጣ። ማሽላው ዛላውን በሚደፋበት በዚያ ወር ከብዙ ማማ ሥር እሳት አልታየም። በኅዳር 27 ቀን የመንግሥት ሠራዊት ሁለቱን ከተሞች መልሶ ያዘ፤ ደሴ በቦምብ ከተደበደበችበት ቀን 86 ዓመት በኋላ፣ እንደ ገና በኅዳር ወር፣ ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰው ምድጃቸውን ጠረጉ።

ባለፈው ጥር የልጅ ልጆቼን ይዤ በጦሳ ተራራ ላይ ዋልሁ። ከሰኞ ገበያ የገዛሁትን ፈንዲሻ፣ አንድ ብረት ድስትና ጥቂት ዘይት ይዘን ነበር። ልጆቹ ሦስት ድንጋይ ፈልገው ጉልቻ ሠሩ፤ ጭራሮ ለቀሙ፤ ነበልባሉ እስኪወርድ መጠበቅ ከበዳቸው፤ አብሽሩ አልኋቸው። ከሥራችን ደሴ፣ ራቅ ብሎ ሐረጎ፣ ከሐረጎም ማዶ በሙቀት የደበዘዘው የኮምቦልቻ ሜዳ ይታይ ነበር። ይህ ተራራ የንጉሥን ድንኳን፣ የጠላትን አውሮፕላን፣ የስደተኛን ጉልቻ አይቷል፤ በዚያን ቀን ግን በላዩ የነደደው እሳት ቤት ያለው፣ ወደ ቤቱም የሚመለስ ሰው እሳት ነበር።

ጥሬውን ወደ ድስቱ ከመጨመሬ በፊት በክዳኑ ላይ ዘርግቼ፣ ሙሉ ሙሉውን በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ለየሁት። ትንሿ ልጅ አየችኝና ‹‹አያቴ፣ እሷንስ አንጨምራትም?›› አለች። መልሱን ለመስጠት ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ከ50 ዓመት በላይ ሲጠበቅ የኖረ ነበርና።

‹‹ይቺ ለግንቦት ናት›› አልኋት፤ ቋጠሮውንም በእጇ አስያዝኋት።